የአያ ሞላ ሥርና የእኔ ጨጓራ

ጎንደር፣ አራዳ ውስጥ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ሰው የሚያውቀኝ ግን በመቀሴ ሳይሆን በአፌ ነው። ወንበሬ ላይ የተቀመጠ ደንበኛ ፀጉሩ ተስተካክሎ እስኪያልቅ የማን ልጅ እንደታጨች፣ የማን ቤት ጣሪያ እንደሚያፈስ፣ ማክሰኝት ገበያ ላይ በሬ ለምን እንደተወደደ ሰምቶ ይነሳል። ክፋት የለበትም። እጄ እየሠራ አፌ ሥራ ፈቶ ሲቀመጥ ስለሚያሳዝነኝ ነው። ባለቤቴ ስመኝ "አንተ ዘንድ የደረሰ ነገር ሬዲዮ ላይ ወጣ ማለት ነው" ትላለች። ከሱቄ አጠገብ ቅመም የሚሸጡት ሐጂ ሰይድ ደግሞ ከአባታቸው ዘመን ጀምሮ እዚያው ሱቅ ያሉ ደግ ጎረቤቴ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ደህና አደርክ ይሉኛል፣ ምሳ ሳልበላ ከዋልኩም ይቆጡኛል። ፀጉራቸውን ግን ሦስት ሱቅ አልፈው ሄደው ይስተካከላሉ። ለምን እንደሆነ ለብዙ ዓመት አልገባኝም ነበር።

ይህን መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም። እንዲህ ያለሁት ሰውዬ በዕድሜዬ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ምስጢር ጠብቄያለሁ። እሱም ሊገድለኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በጨጓራዬ ነው። ቁርሴ ሻይ፣ ምሳዬም ሻይ ሆኖ ዓመታት ካለፉ በኋላ ከደረቴ ሥር አንድ ነገር ያቃጥለኝ ጀመር። ሲብስብኝ ሥራዬን አቁሜ የደንበኛዬን ራስ እደገፋለሁ። ደንበኛው በጥንቃቄ የምሠራለት ይመስለውና ደስ ይለዋል።

ጎንደር ውስጥ ጨጓራ ያለበት ሰው ብቻውን አይታመምም። ወንበሬ ላይ የሚቀመጠው ሁሉ አዛዥ ሆነ። የታሪክ መምህሩ ተልባ አዘዙ። ፖሊሱ ጥሬ ድንች ጨምቀህ ጠጣ አለኝ። ዲያቆኑ በባዶ ሆድ ማር አለ፣ ከኋላው ተራ የሚጠብቀው ሰውዬ ማር የሚባል ነገር በአፍህ እንዳይዞር አለ። ሐጂ ሰይድም ከሱቃቸው አብሽ ቋጥረው ሰጡኝና "አሳድረህ ውሃውን ጠጣ" አሉኝ። ሰው ተጨንቆ ያዘዘልህን አለመውሰድ ሰውየውን መናቅ ነውና ሁሉንም በአንድ ሳምንት ወሰድኩ። ሐሙስ ዕለት ተልባ፣ ድንች፣ ማርና አብሽ ሆዴ ውስጥ ተገናኙ። ስለዚያ ቀን ብዙ ባልናገር ይሻላል።

በመጨረሻ ሆስፒታል ሄድኩ። ዶክተሯ ገና ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች። መርምራ የጨጓራ ቁስለት ነው አለችኝና ካፕሱል ጻፈችልኝ። "ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት። ስምንት ሳምንት ሳያቋርጡ" አለች። ቀጥላም "ለራስ ምታት፣ ለወገብ እያሉ የህመም ማስታገሻ ክኒን እንዳይውጡ፣ ቁስሉን ያደማዋል። የባህል መድኃኒት ከወሰዱም ይንገሩኝ። አልቆጣዎትም፣ ማወቅ ስላለብኝ ነው" አለችኝ። እሺ አልኩ። እሺ ለማለት ማን ብሎኝ!

አምስት ቀን ዋጥኩ። በስድስተኛው ቀን ማቃጠሉ ስላልተወኝ ተናደድኩ። ስምንት ሳምንት ማለት እኮ ሰው ታጭቶ የሚያገባበት ጊዜ ነው። እኔ ደግሞ ሻይ እስኪፈላ እንኳን የምነጫነጭ ሰው ነኝ። ያን ዕለት ማታ ስመኝ "አያ ሞላ ዘንድ ለምን አትሄድም?" አለችኝ።

አያ ሞላ የእናቷ ወንድም ናቸው፣ አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ የሚኖሩ ገበሬ። ወገራ ውስጥ ሆድ ያመመው ሰው ሁሉ እሳቸውን ያውቃል። ከአባታቸው የወረሱት አንድ ሥር አላቸው። አባታቸውም ከአባታቸው ነው የወረሱት። የሚተላለፈው ለአንድ ሰው ብቻ ሲሆን ተራው የአንድያ ልጃቸው ነበር። ልጁ ግን ጎንደር ገብቶ ባጃጅ ይነዳል። "እኔ ሥር ስቆፍር አልኖርም" ብሏቸዋል። አያ ሞላ ይህን ሲያነሱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

ቅዳሜ ማለዳ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ አገኙኝና ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ምነው እንዲህ ከሳህ? ስመኝ አታበላህም?"

"ጨጓራ ነው፣ አያ ሞላ። አላስበላ አለኝ።"

"እሱ ነው? እንግዲያስ ደረስህ። ሸጋ መድኃኒት አለኝ።"

ወደ ጓዳ ገቡ። የሙቀጫ ድምፅ ተሰማ፣ ቆመ፣ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ተሰማ። ለምን ሁለት ጊዜ ይወቅጣሉ ብዬ አልጠየቅኩም፣ እንዲያውም ይህን ያህል ስለደከሙልኝ ደስ አለኝ። ሲወጡ በክዳን በተዘጋ ትንሽ ዕቃ ውስጥ ቢጫ ዱቄት ይዘዋል። ልቀበል እጄን ስዘረጋ ወደኋላ ያዙት።

"መጀመሪያ ስማኝ። ጠዋት ከማንም ሳትነጋገር በለብ ያለ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ። ስሰጥህ አታመስግነኝ፣ መድኃኒት አይመሰገንም። ወንዝ ስትሻገር ከፍ አድርገህ ያዘው፣ ቃልም አትተንፍስ። ከሁሉም በላይ ስለዚህ ነገር ለማንም አትናገር። ከአፍህ ከወጣ ይረክሳል። ላንተም አይሆንህ፣ ለእኔም አይሆነኝ።"

"ለማንም?"

"ለማንም። ስመኝ ቤተሰብ ናት፣ ታውቃለች። ከእሷ ሌላ ለማንም። በጊዮርጊስ ማል።"

ማልኩ። ላመስግን አፌን ስከፍት በዓይናቸው አስቆሙኝ።

ከአምባ ጊዮርጊስ ጎንደር ስንት ድልድይ እንዳለ ከዚያ ቀን በፊት አስቤው አላውቅም ነበር። ሚኒባሱ ድልድይ በደረሰ ቁጥር ዕቃውን በሁለት እጄ ወደ ጣሪያው ከፍ አድርጌ ዓይኔን ወደፊት ተክዬ ጭጭ እላለሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት "ምንድን ነው ወንድሜ?" አለችኝ። ዝም። "ምነው? ታመሃል?" አሁንም ዝም። በሁለተኛው ድልድይ ላይ ሴትየዋ ለኋላ ወንበር "ጠበል ነው መሰለኝ" ብላ አንሾካሾከች። በሦስተኛው ላይ ከኋላ ያሉት ሁሉ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ተሳለሙት። አንድ ሽማግሌ "በረከቱ ይድረሰን" አሉ። አይደለም እንዳልላቸው ድልድዩ አላለቀም። ድልድዩ ሲያልቅ ደግሞ ማስረዳቱ ራሱ ስለ መድኃኒቱ መናገር ሆነብኝ። ጎንደር እስክንገባ ባለ ጠበል ሆኜ ተቀመጥኩ።

መድኃኒቱ ግን ሠራ። በሦስተኛው ቀን ማቃጠሉ ጠፋ። በሳምንቱ ሽሮዬ ላይ ሚጥሚጣ ነሰነስኩ፣ ከዚያም ቃሪያ ስንግ በላሁ። የዶክተሯን ካፕሱል ከሱቄ መስታወት ጀርባ ወርውሬ ረሳሁት። ደንበኞቼ ፊቴ መፍካቱን አይተው እያንዳንዳቸው ምስጋናውን ለራሳቸው ወሰዱ። መምህሩ "ተልባ ብዬህ አልነበር?" አሉ። ሐጂ ሰይድ ከደጃፋቸው "አብሽ እንደ ቀላል ነገር አይታይም" አሉኝ። እኔ አንገቴን እየነቀነቅኩ ዝም። ምላሴን በላኝ። አንድ ቀን ነገሩ ሊያመልጠኝ ሲል መቀሱን በጥርሴ ነክሼ ነው የዳንኩት።

በሦስተኛው ሳምንት ዳገት መውጣት ያደክመኝ ጀመር። ከተቀመጥኩበት ስነሳ ጆሮዬ ውስጥ ይጮሃል። ይቅርታ አድርጉልኝና ሰገራዬም እንደ ሬንጅ ጠቆረ። ታዲያ ምን ያሰብኩ ይመስላችኋል? ደስ አለኝ! በሽታው ጠቁሮ እየወጣ ነው አልኩ። እንዲያውም ሥሩ እስከ መሠረቱ እየጠራረገልኝ ነው ብዬ የጠዋቱን ማንኪያ ሞላ አደረግኩት።

ማክሰኞ ዕለት የታሪክ መምህሩን በማሽን እየላጨሁ መሬቱ ከሥሬ ሄደ። ስወድቅ ማሽኑ በእጄ ነበርና ከግንባራቸው እስከ ማጅራታቸው አንድ ቀጥ ያለ መንገድ አወጣላቸው። ተሸክመው ባጃጅ ላይ የጫኑኝ ሐጂ ሰይድና እኚሁ መምህር ናቸው። መምህሩ እስከ ሆስፒታሉ ድረስ ያንኑ የተላጨ መንገድ በራሳቸው ላይ ይዘው፣ አንድ ቃል ሳያጉረመርሙ አደረሱኝ። ይህን ውለታቸውን አልረሳም።

ዶክተሯ የዓይኔን ቆብ ገልጣ አየች።

"ሰገራዎ ጠቁሯል?"

"አዎ ዶክተር። በሽታው እየወጣ ነው።"

"የሚወጣው በሽታው አይደለም" አለች። "ደምዎ ነው።"

ፈራሁ። እዚህ ላይ ልቀልድ ብል አልችልም። ሁለቱ ሴቶች ልጆቼ ፊቴ ላይ መጡብኝ፣ ትልቋ ዘንድሮ ፈተና አለባት። ሊሞት ያለ ሰው ትልቅ ነገር ያስባል ሲሉ እሰማ ነበር። እኔ ያሰብኩት የሱቁን ቁልፍ ማን እንደያዘው ነው።

"የህመም ማስታገሻ ክኒን ወስደዋል?" አለችኝ።

"በጭራሽ! ዶክተር ይሙቱ፣ አንድም አልነካሁ።"

"ካፕሱሉንስ?"

"እሱን እንኳን... ትንሽ አቋርጫለሁ።"

"በምትኩ የወሰዱት ነገር አለ?"

እዚህ ላይ አፌ ተዘጋ። ያ ማንም ዘግቶት የማያውቀው አፌ። ስለ ቁርሴ ነገርኳት፣ ስለ ሻዩ ነገርኳት፣ የአማቴ እህት በምን እንደሞቱ ሁሉ ነገርኳት። ስለ ዱቄቱ ግን ትንፍሽ አላልኩም። በጊዮርጊስ ምያለሁ። ደግሞም ከአፌ ከወጣ የአያ ሞላ አባትና አያት የጠበቁት ነገር በእኔ በአንድ ፀጉር አስተካካይ ረከሰ ማለት ነው። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"እየደበቁኝ ነው" አለች፣ ሳትቆጣ። "ቁስሉ የደማበትን ምክንያት ካላወቅኩ ዛሬ ባቆመው ነገ ይደማል። የምሰጥዎ መድኃኒትም ከዚያ ነገር ጋር ይስማማ አይስማማ አላውቅም። ደምዎ በጣም ወርዷል።"

ጣሪያውን አየሁ። ስመኝ ግን በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር፣ እሷን ደግሞ ማንም አላስማላትም። ስልኳን አውጥታ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አያ ሞላ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ወገባቸውን በአንድ እጃቸው ደግፈው ገቡ። የተንጠለጠለውን ደም አዩ፣ እኔን አዩ።

"ምነው ልጄ... ምነው?" አሉ።

ዶክተሯ ወንበር ሳበችላቸው። "አባባ፣ ምስጢርዎን ልወስድብዎ አይደለም" አለቻቸው። "ሌላ ቦታ አይሄድም። ሰውየውን ለማዳን ግን ምን እንደበላ ማወቅ አለብኝ።"

በትራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዘዋወሩ። ከዚያ "ሰው ይውጣ" አሉ። ስመኝ ወጣች። ነርሷ ወጣች።

"እኔስ?" አልኩ። ቀኝ እጄ ላይ መርፌው አለ፣ የት እሄዳለሁ?

"ጆሮህን ያዝ።"

በነፃው በግራ እጄ የግራ ጆሮዬን ጥርቅም አድርጌ ያዝኩ። ግራዬ በግድግዳው በኩል ነው። እነሱ የተቀመጡት በቀኜ ነው። ይህን ያስተዋልኩት የሥሩ ስም ተነግሮ ካለቀ በኋላ ነበር።

ዶክተሯ ራሷን ነቀነቀች። "አውቀዋለሁ፣ አያቴም ታፈላው ነበር። ይሄ እንኳን እንዲህ ያደማል ብዬ አላስብም። ሌላ የቀላቀሉበት ነገር የለም?"

"ለሌላው ሰው ምንም አልቀላቅል" አሉ አያ ሞላ፣ ቀና ብለው። "ሥሩን ብቻ ነው የምሰጥ። እሱ ግን አማቻችን ነው። ሥሩ ሸጋ ነው፣ ቀስ ይላል እንጂ። እሱ ደግሞ መታገሥ አያውቅም። ስለዚህ..." እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደው ባዶ የክኒን ማሸጊያ አወጡ። "ይኸ ለወገቤ ጤና ጣቢያ የሰጡኝ ነው። ተኝቼ ከነበርኩበት ያስነሳኝ ነው። እኔን ያስነሳ እሱንም ያስነሳዋል ብዬ የወሩን በሙሉ ወቀጥኩለት።"

"በሙሉ? ለራስዎስ?"

"እኔማ ለምጄዋለሁ። ወገብ ነው፣ አይገድል።"

ዶክተሯ ማሸጊያውን አገላብጣ አየችና ዓይኗን ለአፍታ ጨፈነች። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ያ ክኒን የጠንካራ ህመም ማስታገሻ ነው። ማቃጠሉን እንዳልሰማ ያደረገኝ እሱ ነው፣ ቁስሉን ያደማውም እሱ ነው። ለእሳቸው ወገብ የታዘዘው ለእኔ ጨጓራ የተከለከለው ነው። አያ ሞላ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡና እግሬን በብርድ ልብሱ ላይ ያዙ።

"እኔ ነኝ እንግዲህ ለዚህ ያበቃሁህ" አሉ። እንባቸው ጋቢያቸው ላይ ወረደ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ያመቅኩት ወሬ ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ነበር፣ አንዱም ግን ለዚያች ሰዓት የሚሆን አልነበረም። ወገባቸው እያመማቸው የራሳቸውን መድኃኒት ለእኔ የወቀጡ ሰው ናቸው። እንኳን ልቆጣቸው፣ ቀና ብዬ ላያቸውም ከበደኝ። "አልሞትኩም፣ አያ ሞላ" ብቻ አልኳቸው።

ዶክተሯም አላዋረደቻቸውም። "ሥሩን አልጠላሁም፣ አባባ" አለች። "ሆድ ሊያስታግስ ይችላል። ግን ስንት ማንኪያ እንደሚበቃ አልተለካም፣ ለነፍሰ ጡር ይሁን፣ ደም ግፊት ላለበት ይሁን አናውቅም። ቁስለት ያለበት ሰው ሲመጣብዎት መጀመሪያ ወደ እኛ ይላኩት። የታዘዘለትን መድኃኒት አያስቁሙት። ክኒን ደግሞ ከምንም ጋር አይውቀጡ።" ቀጥላ "እርስዎስ ክኒኑን ሲወስዱ ሆድዎን አያቃጥልዎትም ነበር?" አለቻቸው።

አያ ሞላ ወደ እኔ አዩ፣ ወደ መስኮቱ አዩ። "ትንሽ... ያቃጥለኝ ነበር።"

"ሥሩን ወሰዱ?"

"ለባለቤቱ አይሠራም" አሉ፣ እያፈሩ። ለእሳቸውም እንደ እኔው ዓይነት ካፕሱል ተጻፈላቸው።

እኔ በሳምንቱ ወጣሁ። አያ ሞላ ለምርመራ እስኪመለሱ እኛ ቤት ሰነበቱ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሱቅ አብረን እንሄዳለን፣ ካፕሱላችንን እንውጣለን፣ ስመኝ ገንፎውን ይዛ እስክትመጣ ግማሽ ሰዓት እንጠብቃለን። አያ ሞላ ታዲያ ለዶክተሯ ትእዛዝ የራሳቸውን ጨመሩበት። "መድኃኒት ተውጦ ወሬ የለም። ምግብ እስኪቀርብ አፍህን ዝጋ" አሉኝ። ሐኪሟ እንዲህ አላለችም ብዬ ልከራከር አሰብኩ፣ ክርክሩም ወሬ ሆነብኝ።

በሦስተኛው ቀን፣ ገና ካፕሱሉን እንደዋጥኩ፣ ሐጂ ሰይድ በሩ ላይ ቆሙ። ቆባቸውን አውልቀው ግራና ቀኝ አይተው ገቡና ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። "ዝም የምትለው በዚህ ሰዓት ነው አሉኝ" አሉ። ራሴን ነቀነቅኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ለቀቁልኝ። የስንት ዓመት ጥያቄዬ እንዲህ ተመለሰ። እየከበደኝ መቀሴን አነሳሁ።

አያ ሞላ ከአግዳሚው ላይ ሆነው ሲያዩኝ ቆዩ።

"ያን ዕለት የያዝኸው ጆሮ" አሉ በመጨረሻ፣ "የግድግዳውን ነበር።"

መቀሱ እጄ ላይ ቆመ። ልዋሽ ብል አፌ ተዘግቷል፣ ልለምን ብል ያው ነው።

"ሰምተሃል።"

ራሴን ዝቅ አድርጌ ነቀነቅኩ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ባጃጆቹ ወደሚያልፉበት መንገድ ፊታቸውን አዞሩ።

"ልጄ እንደሁ አልፈልግም ብሏል" አሉ። "የአባቴ ነገር ከኔ ጋር ሊቀበር ነው እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። እንግዲህ ስሙ ጆሮህ ከገባ ያንተ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ና፣ የሚበቅልበትን አሳይሃለሁ። ለማንም እንዳትናገር።" ከዚያ በትራቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። "ሐኪም ከጠየቀህ ግን ተናገር። ምዬ ነበር እንዳትል። ወዲያው ተናገር!"

ዓይኔ እንባ ሞላ። ላመስግናቸው ፈለግኩ፣ ግን ግማሽ ሰዓቱ አላለቀም። ደግሞም መድኃኒት አይመሰገንም።

ሐጂ ሰይድ ዓይናቸውን ገለጡ። በመስታወቱ ውስጥ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ አያ ሞላን አዩ።

"አያ ሞላ፣ ምስጢር የሚሰጠው ሰው ጎንደር ውስጥ ጠፍቶ ነው?" አሉ።

ሐጂ የፈለጉትን ይበሉ። እናንተ ግን ፍረዱኝ፣ ይህን ሁሉ ስለፈልፍላችሁ የሥሩን ስም አንድ ጊዜ እንኳን ጠርቻለሁ?